የተሰጡ ፊደላትን የያዘ የእንግሊዝኛ ቃል አፈላለግ

ስክራብል (ፊደል የተጻፈባቸውን ጠጠሮች እየደረደሩ ቃል የሚሠሩበት ጨዋታ) ላይ ሰባት ጠጠር ተደርድሮ ቃል አልወጣ ሲል፣ ክሮስወርድ ላይ ሁለት ሣጥን ባዶ ሲቀር፣ ወይም የልጅ የቤት ሥራ «እነዚህ ሦስት ፊደላት ያሉባቸውን አሥር ቃላት ጻፉ» ሲል፣ ብዙ ሰው ፊደላቱ ላይ አፍጥጦ ቃሉ ራሱ እስኪመጣ ይጠብቃል። እንዲህ ሲሆን የሚመጡት በየቀኑ አፋችን ላይ ያሉት ጥቂት ቃላት ብቻ ናቸው። የቀረውን ለማግኘት ሥርዓት ያለው ፍለጋ ያስፈልጋል። ወረቀትና እርሳስ ይበቃል፤ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ካለ ደግሞ ሥራው ይፈጥናል።

እዚህ የላቲን ፊደላቱን በስማቸው፣ በሰረዝ እያያዝን እንጽፋለን። «ስቶፕ» የሚለው ቃል ኤስ-ቲ-ኦ-ፒ ይሆናል ማለት ነው። ሲጠሩ የሚምታቱትን ከወዲሁ ይለዩ፤ ኤ አንደኛው ፊደል ነው፣ ኢ አምስተኛው፣ አይ ዘጠነኛው። ጂ ሰባተኛ፣ ጄ ደግሞ አሥረኛ ነው። ፊደላቱን በስልክ ከሰው የሚቀበሉ ከሆነ «ኤ እንደ አፕል፣ ኢ እንደ ኤግ» እያሉ ያረጋግጡ። አንድ ፊደል ከተሳሳተ የሚከተለው ሁሉ ከንቱ ልፋት ነው።

ጥያቄው የትኛው ነው?

ፍለጋ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። «ኤን፣ ኦ፣ ቲ ያሉበት ቃል» የሚለው አንድ ጥያቄ ይምሰል እንጂ ውስጡ አራት የተለያዩ ጥያቄዎች አሉ።

እነዚህን ሦስት ፊደላት ብቻ፣ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ይጠቀሙ ከተባለ መልሱ «ኖት» እና «ቶን» ነው። በማንኛውም ቅደም ተከተል ይኑሩበት እንጂ ሌላ ፊደል መጨመር ይቻላል ከተባለ «ስቶን» እና «ማውንቴን» ይገባሉ። ቅደም ተከተላቸውን ይጠብቁ፣ በመካከላቸው ግን ሌላ ይግባ ከተባለ «ስኖውስቶርም» ይሆናል። ተያይዘው፣ በዚሁ ቅደም ተከተል ከተባለ ደግሞ «ኖትቡክ»፣ «ኖቲስ»፣ «አናዘር» ናቸው። ክሮስወርድ በዚህ ላይ የቦታን ጉዳይ ይጨምራል፤ ሦስተኛው ሣጥን ላይ ቲ አለ፣ ቃሉ ስድስት ፊደል ነው፣ ወዘተ።

ሁለት ነገር ጨምረው ይጠይቁ። አንድ ፊደል ከአንድ ጊዜ በላይ መደገም ይችላል? የሚቆጠረውስ የትኛው መዝገብ ነው? የሰሜን አሜሪካው የስክራብል ውድድር ዝርዝር ከ190 ሺህ በላይ ቃላት አሉት፤ በእንግሊዝና በአብዛኛው ዓለም የሚሠራበት የኮሊንስ ዝርዝር 280 ሺህ ገደማ ይደርሳል። በአንዱ ያለፈ ቃል በሌላው ሊወድቅ ይችላል። የቤት ሥራ ከሆነ ግን ልጁ ትርጉሙን ሊናገርለት የማይችለው ቃል ባይጻፍ ይሻላል።

በወረቀት፦ ጭራውን መንቀል

ፊደላቱን በአንድ መስመር አይጻፏቸው። ዓይን በመስመር የተጻፈውን እንደ ቃል ያነበውና በዚያው ቅደም ተከተል ላይ ተጣብቆ ይቀራል። አናባቢዎቹን መሃል፣ ተነባቢዎቹን ዙሪያቸውን በክብ ይጻፉ። ከዚያ ሙሉውን ቃል ከመፈለግ በፊት ባዕድ መድረሻ ሊሆን የሚችለውን ነቅለው ለብቻው ያስቀምጡ፤ ኤስ፣ ኢ-ዲ፣ ኢ-አር፣ ኢ-ኤስ-ቲ፣ አይ-ኤን-ጂ፣ ኤል-ዋይ፣ ቲ-አይ-ኦ-ኤን፣ ኤ-ቢ-ኤል-ኢ። ባዕድ መነሻም እንዲሁ፤ አር-ኢ፣ ዩ-ኤን፣ ዲ-ኢ፣ ኦ-ዩ-ቲ፣ ፒ-አር-ኢ። የሚቀረው ሦስት አራት ፊደል ነው፤ እሱን በጭንቅላት መደርደር አይከብድም።

በእውነተኛ እጅ እንሞክረው። ሰባቱ ፊደላት ኤ፣ ኢ፣ አይ፣ ኤን፣ አር፣ ኤስ፣ ቲ ናቸው።

ኤስን ለብዙ ቁጥር ወይም ለግሥ መድረሻ እናውጣ። የቀሩት ስድስቱ «ሪቴይን» እና «ሬቲና» ይሰጣሉ፤ ኤስን መልሰን ስንቀጥል ሁለት ሙሉ ቃል አገኘን። አሁን ኢ-አርን እንንቀል። ኤ፣ አይ፣ ኤን፣ ኤስ፣ ቲ ቀሩ። «ስቴይን» ይወጣል፤ ኢ-አር ሲጨመርበት «ስቴይነር»፣ ሦስተኛ ቃል። ከእነዚሁ ፊደላት «ሳቲን» ይወጣል፣ ግን ኢ-አር ሲቀጠልበት ቃል አይሆንም፤ ስሙ ጨርቅ እንጂ ድርጊት ወይም ቅጽል ስላልሆነ ነው። መድረሻው ከግንዱ ዓይነት ጋር መስማማቱን ሁልጊዜ ይመልከቱ።

ቀጥሎ አይ-ኢ-አር። ይህ መድረሻ ልምድ የሌለውን ሰው ያመልጠዋል፤ በዋይ የሚያልቅ ቅጽል ሲበላለጥ ዋዩ ወደ አይ ስለሚለወጥ፣ እጃችን ላይ የሌለ ዋይ እንዳለ አድርገን መፈለግ አለብን። የቀሩት ኤ፣ ኤን፣ ኤስ፣ ቲ ናቸው፤ ዋይ ሲጨመርባቸው «ናስቲ» እና «አንትሲ» ይሆናሉ። ስለዚህ «ናስቲየር» እና «አንትሲየር»፤ አራተኛና አምስተኛ። ኢ-ኤስ-ቲን ብንነቅል «ሬይን» ይቀራል፣ ቅጽል ስላልሆነ አያስኬድም። አይ-ኢ-ኤስ-ቲን ነቅለን በምናባችን ዋይ ብንጨምር «ያርን» ይወጣል፣ እሱም በዋይ የሚያልቅ ቅጽል ስላልሆነ አያስኬድም። እዚህ ላይ ያቁሙ። የውድድር ዝርዝሮቹ «ሬትሲና» የተባለውን የግሪክ ወይንና «ስቲአሪን» የተባለውን የስብ ንጥረ ነገር ይጨምራሉ፤ እነዚህ ግን በጥናት እንጂ በመደርደር አይገኙም። ስክራብል ላይ ሰባቱንም ጠጠር በአንድ ተራ ማውረድ 50 ተጨማሪ ነጥብ ስላለው ለዚህ ልፋት የሚውለው ጊዜ አይቆጭም።

ሲ-ኤች፣ ኤስ-ኤች፣ ቲ-ኤች፣ ፒ-ኤች፣ ሲ-ኬ እና ኪው-ዩ እጅዎ ላይ ካሉ እንደ አንድ ፊደል ቆጥረው ይሞክሯቸው። አናባቢ ጭራሽ ከሌለ መጀመሪያ ዋይን ይፈልጉ፤ «ሪዝም»፣ «ሚዝ»፣ «ጂም»፣ «ሂም»፣ «ሊንክስ»፣ «ክሪፕት» ሁሉም የሚጻፉት በዋይ ብቻ ነው።

ፊደላት የሚወዱት ቦታ

ከተሰጡት ፊደላት ውስጥ ብርቅ የሆነውን ለይተው ከእሱ ይጀምሩ። ስክራብል ብርቅነቱን በዋጋ ያሳያል፤ ኪው እና ዜድ 10 ነጥብ፣ ጄ እና ኤክስ 8፣ ኬ 5 ናቸው፣ ከ100ው ጠጠር ውስጥም እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ብቻ ናቸው። ኢ ግን 12 አለ። ብርቁ ፊደል የሚቆምበት ቦታ ጥቂት ስለሆነ ፍለጋውን ወዲያው ያጠብበዋል።

ቪ ቃል አይዘጋም ለማለት ይቻላል፤ መጨረሻ ላይ ከመጣ ኢ ይከተለዋል፣ «ጊቭ»፣ «ሃቭ»፣ «ፋይቭ» እንደሚጻፉት። «ሬቭ» እና «ኢምፕሮቭ» ከሥርዓቱ የወጡ አጫጭር አነጋገሮች ናቸው። ስክራብል ላይ በቪ የሚሠራ ባለሁለት ፊደል ቃል የለም፤ ስለዚህ ጠባብ ቦታ ላይ ቪን ለመሸጎጥ አይድከሙ። ጄም መጨረሻ ላይ አይቆምም፤ «ጅ» የሚለው ድምፅ ቃል ሲዘጋ ጂ-ኢ ወይም ዲ-ጂ-ኢ ይጻፋል። «ሃጅ» እና «ራጅ» ከውጭ የገቡ ናቸው። ኤች ብዙውን ጊዜ ሁለተኛ ሆኖ ከሲ፣ ከኤስ፣ ከቲ፣ ከደብሊው፣ ከፒ ወይም ከጂ ጋር ይጣመራል። ኤክስን ከኢ ጋር አጣምረው መነሻ ላይ፣ ካልሆነም መጨረሻ ላይ ይሞክሩት። በአይ እና በዩ የሚያልቁ ቃላት ጥቂት ናቸው፤ «ታክሲ»፣ «ስኪ»፣ «ሜኑ» ዓይነቶቹ።

ኪው ዩን ይፈልጋል። ዩ ከሌለ ቃሉ ከዓረብኛ፣ ከቻይንኛ ወይም ከሌላ ቋንቋ የተወሰደ ነው፤ ኪው-አይ፣ ኪው-ኤ-ቲ፣ «ኒቃብ»፣ «ፋቂር»፣ «ቃናት»። ሁለተኛው የኛው ጫት ነው። አማርኛ ተናጋሪ እዚህ ላይ ሳያውቀው ስንቅ ይዟል፤ የስክራብል ዝርዝሮች ብርን ቢ-አይ-አር-አር፣ ጤፍን ቲ-ኢ-ኤፍ-ኤፍ፣ ንጉሥን ኤን-ኢ-ጂ-ዩ-ኤስ፣ ራስን አር-ኤ-ኤስ ብለው ይቀበላሉ። ብሮች የሚለው ብዙ ቁጥር እንኳ ቢ-አይ-አር-አር-ኦ-ቲ-ሲ-ኤች ተብሎ፣ ባለ ስምንት ፊደል ሆኖ ገብቷል።

የማይዋደዱ ተነባቢዎች ሲያያዙ

ኬ-ኤስ-ፒ ተያይዘው ያሉበት ቃል ቢባሉ በመጀመሪያ የሌለ ይመስላል። በእንግሊዝኛ አንድ ክፍለ ቃል ውስጥ እነዚህ ሦስቱ አብረው አይቆሙም፤ ስለዚህ ቃሉ የሁለት ቃላት ጥምር መሆን አለበት። መሃላቸውን ይቁረጡ፤ ከኬ በኋላ ቢቆረጥ በኬ የሚያልቅ ቃልና በኤስ-ፒ የሚጀምር ቃል ያስፈልገናል። «ዎርክ» እና «ስፔስ»፣ «ባክ» እና «ስፔስ»። ጂ-ኤች-ቲ-ሲ ሲሆን ከቲ በኋላ ቆርጠን «ናይትክለብ» እና «ናይትካፕ» እንላለን። አር-ቲ-ኤች-ዲ «በርዝደይ» ነው። ኬ-ኬም ቢሆን ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በዚሁ መጋጠሚያ ላይ ነው፤ «ቡክኪፐር»፣ «ጃክናይፍ»። ሁሉም ግን ጥምር አይደለም። ኤን-ጂ-ኤስ-ቲ በ«ጋንግስተር»፣ በ«ያንግስተር»ና በ«አመንግስት» ውስጥ አለ፤ እዚያ የሚቆረጠው መድረሻውን ከግንዱ ለመለየት ነው።

አሜሪካ ውስጥ ረጅም መንገድ ሲሄዱ ልጆች በመኪና ታርጋ ላይ ያሉ ሦስት ፊደላትን በቅደም ተከተል የያዘ ቃል የመፈለግ ጨዋታ አላቸው። ኤች-ኪው-ቲ የሚል ታርጋ ሲያልፍ «ሄድኳርተርስ» ማለት ነው። ዘዴው አንድ ነው፤ መሃል ያለውን ብርቅ ፊደል ይያዙ፣ ግራና ቀኙን ኋላ ይሙሉ።

በጆሮ አይፈልጉ

የአማርኛ ፊደል እንደተጻፈ ይነበባል፤ በዚህ ላይ አናባቢው ከተነባቢው ጋር በአንድ ምልክት ተቀምጧል። በዚህ የለመደ ሰው የእንግሊዝኛውንም ፊደል በድምፁ ይፈልገዋል። ኬ እና ኤን ሲሰጡት «ክን» የሚል ድምፅ ያለበት ቃል ያስሳል፣ «ናይፍ» እና «ኒ» ግን ኬ ያለባቸው መሆኑ አይታወሰውም። ድምፅ አልባ ፊደላትን እንደ ዝርዝር መያዝ ይበጃል፤ መነሻ ላይ ኬ-ኤን፣ ደብሊው-አር («ሪስት»)፣ ፒ-ኤስ («ሳይኮሎጂ»)። መጨረሻ ላይ ኤም-ቢ («ላም»፣ የበግ ግልገል) እና ኤም-ኤን («ኦተም»)። መሃል ላይ በ«ካም» እና በ«ቶክ» ውስጥ ያለው ኤል፣ በ«አይላንድ» ውስጥ ያለው ኤስ፣ በ«ካስል» ውስጥ ያለው ቲ፣ በ«ሪሲት» ውስጥ ያለው ፒ። ጂ-ኤች ሲያዩ ደግሞ ድምፁን እርሱትና ከኋላው ቲ ይጨምሩ።

ዋንሉክን በአግባቡ መጠየቅ

ዋንሉክ በነፃ የሚሠራ የመዝገበ ቃላት መፈለጊያ ድረ ገጽ ነው። ከሌሎቹ የሚመረጠው ከላይ ከዘረዘርናቸው ጥያቄዎች አብዛኞቹን በምልክት ስለሚቀበል ነው። የስልኩን ኪቦርድ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ይለውጡ፤ ራሱ ቃል የሚያርመውንም ያጥፉ፣ ያለዚያ የጻፉትን ፊደል ወደ ሌላ ቃል ይለውጥብዎታል።

የጥያቄ ምልክት አንድ ያልታወቀ ፊደልን ይተካል። ኮከብ ስንትም ፊደል ይተካል፣ ባዶንም ጨምሮ። ስለዚህ ተያይዘው ያሉ ፊደላትን ለማግኘት ከፊትም ከኋላም ኮከብ ያድርጉ። ኋላ ያለውን ከረሱ የሚመጣው በእነሱ የሚያልቅ ቃል ብቻ ነው። በቅደም ተከተል፣ ግን ተለያይተው ከሆነ በእያንዳንዱ ፊደል መካከልም ኮከብ ይግባ። @ ማንኛውንም አናባቢ፣ # ማንኛውንም ተነባቢ ይተካል። ሁለት ሰያፍ መስመር (//) አድርገው ፊደላቱን ካስከተሉ እነሱን ብቻ አገላብጦ ቃል ያወጣል፤ ከእነዚያው ከኤስ-ቲ-ኦ-ፒ ፊደላት ስድስት የተለመዱ ቃላት ይወጣሉ፤ «ስቶፕ»፣ «ስፖት»፣ «ፖስት»፣ «ፖትስ»፣ «ቶፕስ»፣ «ኦፕትስ»።

ለክሮስወርድ የሚጠቅመው የሁለት ነጥብ ምልክት (:) ነው። ከቅርጹ በኋላ ሁለት ነጥብ አድርገው ፍንጩን በእንግሊዝኛ ይጻፉ። ቢ፣ ሦስት የጥያቄ ምልክት፣ ዲ፣ ሁለት ነጥብ፣ ከዚያ «ፉድ» ቢሉ «ብሬድ»ን ያመጣልዎታል።

የቅነሳ ምልክት መጨረሻ ላይ ከተደረገ ከሱ ቀጥለው የሚጻፉት ፊደላት ያሉበትን ቃል ያስወጣል። የመደመር ምልክት ደግሞ ቃሉ ከነዚህ ፊደላት ውጭ እንዳይኖረው ያደርጋል፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ኮከብ፣ መደመር፣ ከዚያ ኤ-ቢ-ኤን ብለው ቢጠይቁ «ባናና» ይመጣል። ምልክቱ የፊደሉን ዓይነት እንጂ ብዛቱን አይገድብም፤ እጅዎ ላይ አንድ ኤ ብቻ ካለ ውጤቱ አይሠራልዎትም።

በማንኛውም ቅደም ተከተል የሚለውን ጥያቄ በኮከብ ብቻ ለመመለስ እያንዳንዱን ቅደም ተከተል ለየብቻ መጠየቅ ግድ ነው። ሁለት ፊደል ከሆነ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ከሆነ 6፣ አራት ከሆነ 24። ኪው እና ዜድን በዚህ ቅደም ተከተል ሲጠይቁ «ኩዊዝ»፣ «ኳርትዝ»፣ «ስኩዊዝ» ይመጣሉ። ሲገለብጡት «ቤዚክ» የተባለው የካርታ ጨዋታ ይወጣል። ፊደላቱ ሲበዙ እያንዳንዱን በሁለት ኮከብ መሃል አድርገው በእንግሊዝኛ ኮማ (,) ያያይዟቸው፣ አንድ ጥያቄ ይበቃል፤ ወይም ወደ ሠንጠረዥ ይሂዱ።

ሠንጠረዥ

ኢኔብል የሚባለው የቃላት ዝርዝር ከ170 ሺህ በላይ ቃላት አሉት፣ በነፃ ይወርዳል፣ በየመስመሩ አንድ ቃል ነው። ኤክሴል ወይም ጉግል ሺትስ ከፍተው ከመለጠፍዎ በፊት ዓምዱን ጽሑፍ ብቻ እንዲሆን ያስተካክሉ፤ ያለዚያ «ትሩ» እና «ፎልስ» የሚሉት ሁለት ቃላት ወደ ሎጂክ ዋጋ ይለወጡና ከፍለጋው ይጠፋሉ። ኤክሴል ላይ በማጣሪያው «ኮንቴይንስ» የሚለውን መርጠው ሁለት ፊደል በእንግሊዝኛው «አንድ» (ኤ-ኤን-ዲ) ማያያዝ ይችላሉ። ጉግል ሺትስ ለአንድ ዓምድ አንድ ሁኔታ ብቻ ስለሚቀበል የቃላቱን ዓምድ እንደ ፊደላቱ ብዛት አጠገብ ለአጠገብ ይቅዱና እያንዳንዱን ዓምድ በአንድ ፊደል ያጣሩ። አንድ ፊደል ሁለቴ መኖር ካለበት ኤክሴል ላይ ፊደሉን ሁለቴ ጽፈው በመካከላቸው ኮከብ ያስገቡ። ጎን ላይ በ«ሌን» የቃሉን ርዝመት አስቆጥረው ከአጭር ወደ ረጅም ይደርድሩ፤ የሚፈለገው ቃል ብዙ ጊዜ ከላይ ነው። በስልክ ይህን ያህል ዝርዝር መክፈት ያንቀራፍፋል፣ በኮምፒውተር ይሥሩት።

ዎርድል ላይ

ጆሽ ዋርድል በ2021 ለሕዝብ ያቀረበው፣ ኒው ዮርክ ታይምስ በጥር 2022 የገዛው ይህ ጨዋታ (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ባለአምስት ፊደል ቃልን በስድስት ግምት ማግኘት ሲሆን ፊደልንም ቦታንም አንድ ላይ ይጠይቃል፤ አረንጓዴ ፊደሉ በቦታው ነው፣ ቢጫ አለ ግን ሌላ ቦታ ነው፣ ግራጫ የለም ማለት ነው። ሁለት ነገር ብቻ እንጨምር።

የተደገመ ፊደል ሲገምቱ፣ ለምሳሌ በ«ስፒድ» ውስጥ ካሉት ሁለት ኢዎች አንዱ ቀለም ካገኘና ሌላው ግራጫ ከሆነ፣ መልሱ ውስጥ ያለው ኢ በትክክል አንድ ነው። ግራጫውን ዓይቶ ኢን ጨርሶ የሚጥል ሰው መልሱን አብሮ ይጥለዋል።

ሁለተኛው የአይ-ጂ-ኤች-ቲ ወጥመድ ነው። አራቱ አረንጓዴ ሆነው የመጀመሪያው ፊደል ሲቀር «ላይት»፣ «ማይት»፣ «ናይት»፣ «ራይት»፣ «ሳይት»፣ «ፋይት»፣ «ታይት» እና «ኤይት» ሁሉም ይሆናሉ። አንድ በአንድ ከሞከሩ ስድስቱ ዕድል ያልቃል። አንድ ግምት መሥዋዕት አድርገው ብዙ መነሻ ፊደል በአንዴ የሚፈትሽ ቃል ይጻፉ። «ፊልምስ»፣ ማለትም ኤፍ-አይ-ኤል-ኤም-ኤስ፣ አራቱን በአንድ ጊዜ ይፈትሻል፤ አንዱ ቀለም ካገኘ ቃሉ ታወቀ፣ ሁሉም ግራጫ ከሆኑ የቀሩት የተለመዱ ቃላት አራት ብቻ ናቸው። ሃርድ ሞድ ላይ ግን ይህ አይፈቀድም፤ የተገኘውን አረንጓዴ ትቶ መገመት ስለማይቻል፣ እዚያ የሚጫወት ሰው አራቱ ፊደላት ከመቆለፋቸው በፊት በሁለተኛው ግምት ኤን፣ አር፣ ኤል እና ኤስን ቢፈትሽ ይሻለዋል።